ዝግ መድን፣ ክፍት መድን

[ሚኒሶታ። ውጭ በረዶው ይወርዳል። ሁለት ጡረተኛ ወንድማማቾች፣ አርቪድና ታናሹ ሌስተር፣ እንደየዓመቱ የብርዱን ወራት እስከ ፋሲካ ሩቅና ሞቃታማዋ ፍሎሪዳ ሊያሳልፉ ነገ ማለዳ ይነሣሉ። መኪናው ተጭኗል። ሌስተር ጉልበቱን በቅርቡ ቀዶ ጥገና ስለተደረገለት በከዘራ ነው የሚሄደው።]

አርቪድ፦ ቴርሙሱ ከፊት ወንበር ሥር ነው የሚቀመጠው ብያለሁ!

ሌስተር፦ ይንከባለላላ፣ ወንድም ዓለም። አምና ፍሬኑ ሥር ተወሽቆ ስንቱን አሳየን።

አርቪድ፦ ተወው አሁን! የጤና መድን ምዝገባ ዛሬ ማታ ይዘጋል፣ አንተ ስለ ቴርሙስ ታወራለህ።

ሌስተር፦ አንተ ነህ የጀመርከው።

አርቪድ፦ ስማ። ሦስት ዓይነት ነው፤ ዝግ፣ ክፍትና ቅይጥ። ዝጉ፣ ድርጅቱ ከተዋዋላቸው ሐኪሞች ውጭ አያውቅህም። አንድ የቤተሰብ ሐኪም ትመርጣለህ፤ እሱ ሪፈር ካልጻፈልህ የስፔሻሊስት ደጃፍ አትረግጥም።

ሌስተር፦ ዘበኛ ነው በለኛ።

አርቪድ፦ ሐኪም ነው!

ሌስተር፦ ሐኪምማ ነው። ግን በር ላይ ነው የሚቆመው።

አርቪድ፦ [ግንባሩን ይይዛል] ክፍቱ ደግሞ፣ ሪፈር የለ፣ ምን የለ፣ ደስ ያለህ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን ራስ ያዞራል። ቅይጡ መሐል ሰፋሪ ነው። ሪፈር ይዘህ ከሐኪሞቻቸው ውጭ ትታከማለህ፣ ስለወጣህ ግን ጨምረህ ትከፍላለህ።

ሌስተር፦ የኛ የቱ ነው?

አርቪድ፦ ዝጉ ነዋ! ሐኪሙ፣ ላቦራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ሁሉም እዚሁ ከተማችን ውስጥ። በእግርህ ትደርሳለህ።

ሌስተር፦ [ጉልበቱን እያሻሸ] ይቺን እስከ ፋሲካ በየሳምንቱ ፊዚዮቴራፒ ውሰድላት፣ ያለዚያ ደርቃ ትቀራለች ብለውኛል። የካርላ ሠርግ ደግሞ በፋሲካ ማግስት ነው። እግዜር ከፈቀደ ልጄን እጇን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የምገባው ያለ ከዘራ ነው።

አርቪድ፦ ትገባለህ! ዝጉ ፊዚዮቴራፒን ይሸፍናል።

ሌስተር፦ የትም?

አርቪድ፦ እዚሁ! ከከተማው ውጭ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ አይከፍሉም። አንተን ደሞ ከከተማው ውጭ ማን ይወስድሃል?

ሌስተር፦ ማን ይወስደኛል... [አሰብ አድርጎ] ግን ወንድም ዓለም፣ የብርዱን ወራት እኮ...

አርቪድ፦ እንደ ሕፃን አትጠይቀኝ! መመሪያውን ሙሉ አንብቤዋለሁ።

[ሌስተር እያነከሰ ይወጣል። የዓሣ ማጥመጃውን ዘንግ ይዞ ይመለስና ጥግ ያቆመዋል።]

አርቪድ፦ [በስልክ] አዎ እመቤቴ፣ ዝጉን። ለሁለታችንም። እርግጠኛ ነኝ ስልሽ! በጣም እርግጠኛ! [ይዘጋል] አለቀ፣ ተመዘገብን!

ሌስተር፦ ተመስገን። [ይወጣል። ሻንጣ እየጎተተ ይገባል።]

አርቪድ፦ እኔ ባልኖርልህ ምን ይውጥህ ነበር?

ሌስተር፦ እሱን እኔም አስባለሁ። [ይወጣል። ነጠላ ጫማና የገለባ ባርኔጣ ታቅፎ ይገባል።]

አርቪድ፦ ቆይ፣ ቆይ። ምን እያደረግህ ነው?

ሌስተር፦ መኪናውን እያራገፍኩ ነው።

አርቪድ፦ ነገ ፍሎሪዳ ልንሄድ!?

ሌስተር፦ ሐኪሙ እዚህ፣ ፊዚዮቴራፒው እዚህ። ታዲያ ጉልበቴን ብቻዋን ትቻት ልሂድ?

[አርቪድ ባርኔጣውን ያያል። ከዚያ በመስኮቱ በረዶውን ያያል።]

አርቪድ፦ እኛ እኮ... እስከ ፋሲካ እዚህ የለንም።

ሌስተር፦ የለንም።

አርቪድ፦ አውቀሃል ማለት ነው! ከመቼ ጀምሮ?

ሌስተር፦ በእግርህ ትደርሳለህ ያልከኝ ጊዜ። ከፍሎሪዳ በእግሬ ስመጣ ታየኝ።

አርቪድ፦ ታዲያ አትነግረኝም ነበር?

ሌስተር፦ ልጠይቅ ስል ሕፃን አልከኝ። በአፌ አልሰማ ስትለኝ በሻንጣ ነገርኩህ።

አርቪድ፦ [ስልኩን አፈፍ አድርጎ] ሳይዘጋ! ሄሎ፣ እመቤቴ! ቅድም የደወልኩት ነኝ... አዎ፣ በጣም እርግጠኛው። ወደ ክፍቱ ይቀየርልን። ይቻላል? እፎይ! ለምን አልሽ? ምክንያቱማ... [ሌስተርን በጎሪጥ እያየ] ወንድሜ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ እሱን ሳስረዳ እኮ ነው... ምን? ማንን?

[ሌስተር በልቡ አምላኩን እያመሰገነ ነው። አርቪድ ቀስ ብሎ ስልኩን ይዘረጋለታል።]

ሌስተር፦ ምን አለች?

አርቪድ፦ ነገሩ የገባውን ሰው አቅርብልኝ ትላለች። እንካ፣ አንተን ነው።