ባዶ የማይመለስ ሳህን

ስለ ወሎ ደግነት ብዙ ተብሏል፤ ተዘፍኗልም። እኔም ወልድያ ተወልጄ፣ ወልድያ አስተምሬ፣ ወልድያ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ከምስጋናው ድርሻዬን ብወስድ የሚቆጣኝ የለም። ነገር ግን ከዕድሜ ብዛት አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ደግነታችንን አብዝቶ የሚያወድስልን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ነገር አለው። ስለዚህ «እናንተ እኮ ደጎች ናችሁ» የሚል እንግዳ ሲገጥመኝ አመሰግንና ኪሴን እዳብሳለሁ።

እምቢ ማለት አንችልም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሻይ ጠጡ ሲሉን ካልፈለግን «አሁን ከቤት ጠጥቼ መውጣቴ ነው» እንላለን፤ ከቤታችን ስኳር ካለቀ ሳምንት ቢሆነውም። የማንወደውን ሰው በር ላይ ስናገኘው «ግባ እንጂ» እንለዋለን፤ እሱም እንደማንወደው እያወቀ ይገባል። የተማሩ ሰዎች ይህን ባህል ይሉታል። ነጋዴው ግን ገበያ መሆኑን ደርሶበታል።

የምነግራችሁ የመርሳዋን የእመት ዘሀራን ነገር ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ በሥራ ተዛውሮ መርሳ ስንኖር በአንድ አጥር እንዋሰን ነበር። እናቴ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም፤ ሥጋው በየቤቱ ይቅር እንጂ ሌላው ሁሉ በአጥሩ ላይ ይመላለሳል። የሚመላለሰው በሳህን ነው፤ ሳህኑም ሕግ ነበረው። ሞልቶ የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ቆሎ ይዞ ከመጣ ዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ ዳቦ ከሌለ ሎሚ፣ ሎሚም ከጠፋ እፍኝ ጨው። እንዲህ ያለ ሳህን አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። እናቴ ሞታ፣ አጥሩ ፈርሶ፣ እኔም ሸብቼ፣ ዛሬም መርሳ በወረድኩ ቁጥር እመት ዘሀራ ማንጎ ሳያሸክሙኝ አይሸኙኝም። ባላቸው ካለፉ ቆይተዋል፤ የሚኖሩት በጓሯቸው ማንጎና ጂዳ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው በምትልክላቸው ነው።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለላቸው። ቁጥራቸውን ከየት እንዳገኙት እስከ ዛሬ አናውቅም። ደዋይዋ ቤዛ እባላለሁ ያለች፣ አነጋገሯ ለስላሳ የሆነ ልጅ ነበረች። የምትሠራበት ድርጅት የአገራችንን ወፎች በሳህን ላይ እያሣለ ለተመረጡ ሰዎች እንደሚልክ፣ እሳቸውም ከተመረጡት አንዷ እንደሆኑ፣ የመጀመሪያው ሳህን በስጦታ እንደሚደርሳቸው ነገረቻቸውና ይላክልዎት ወይ ብላ ጠየቀች። እመት ዘሀራ ምን ይበሉ? የሰው ልጅ ከዚያ ድረስ አስታውሳ ደውላ እምቢ ይበሏት? «እሺ የኔ ልጅ፣ አላህ ይስጥሽ» አሉ። ያቺ እሺታቸው በድምፅ ተቀድታ ውል ሆና መቀመጧን የሰማነው ኋላ ነው።

በሳምንቱ የአውቶቡሱ ረዳት መናኸሪያ ጠርቶ አንድ ካርቶን አስረከባቸው። ውስጡ ጠርዙ በወርቅማ ቀለም የተከበበ ሳህን፣ መሐሉ ላይ ዝይ። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «ለስብስብ ብቻ፤ ለምግብ አይውልም» ተብሎ ተጽፎበታል። እስቲ አስቡት፤ የማይበላበት ሳህን። እመት ዘሀራ ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉም ኖሮ አያምኑትም ነበር። በማግስቱ ትኩስ ሽሮ አወጡበት፤ ሦስቴ ሲታጠብ የዝይዋ ምንቃር ተላጠ።

የባሰው ስህተት ግን የካርቶኑ ነው። ሞልቶ የመጣ ካርቶን ባዶውን እንዴት ይመለስ? ከማንጎው የበሰለ የበሰለውን መርጠው፣ በጭድ እየለዩ ደረደሩበትና የልጅቷን ቁጥር አጽፈው በዚያው ረዳት ለቤዛ ላኩላት። ቤዛ ደወለች። ቢሮው በሙሉ በልቶ መርቋቸዋል። በወሩ ሁለተኛው ሳህን መጣ።

እኔ እንደገባኝ፣ በእነዚህ ሰዎች ቤት ዕቃው ካልተመለሰ ተገዝቷል ማለት ነው፤ ካርቶኑ ማንጎ ሞልቶ ከመጣማ ደንበኛዋ እጅግ ረክታለች። ሁለተኛው ሳህን ላይ ያለው ቁራ ነበር። እመት ዘሀራ ቁራ አይወዱም፤ ያም ሆኖ ፓፓያ ላኩ። ለሦስተኛው ሎሚ ላኩ። መንገድ የተዘጋ ሰሞን ሳህኑም ቀረ፤ ሲከፈት ሁለቱ አንድ ላይ መጡ፤ ገበሬው የሚጠብቀው ማዳበሪያ ግን አልመጣም። ለሐራና ለሲሪንቃ ገበሬ ማዳበሪያ ማድረስ ያቃተው መንገድ ወፍ የተሣለበትን ሳህን እንዴት ሳይሰበር እንደሚያሳልፍ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከአምስተኛው ሳህን በኋላ ካርቶን ቀርቶ መልእክት ብቻ ይመጣ ጀመር። ለጥየቃ ስወርድ እመት ዘሀራ ስልካቸውን አቀበሉኝና ይህ ነገር ሌት ተቀን ይጮሃል፣ ምን እንደሚል አንብብልኝ አሉኝ። አነበብኩ። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል። ከስጦታው በስተቀር የአራቱን ሳህን ዋጋ እንዲከፍሉ፣ ካልከፈሉ በሕግ እንደሚጠየቁ፣ ስማቸውም በባለዕዳዎች መዝገብ እንደሚሰፍር ይናገራል። የአንዱ ሳህን ዋጋ ደህና ወጠጤ ይገዛል። አንብቤ ስጨርስ እመት ዘሀራ ደጅ ወደቆሙት ፍየሎቻቸው ተመለከቱ።

ነገሩ የከበዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጃቸው ስንት ዓመት የሰው ወለል ጠርጋ ባጠራቀመችው ለሐጅ አስመዝግባቸው ተራቸው የደረሰው ዘንድሮ ነው። ለሐጅ የሚነሣ ሰው ደግሞ ያለበትን ይከፍላል፣ የበደለውን አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይላል፤ የሌላ ሰው ሐቅ ተሸክሞ አይኬድም። እኔ ክርስቲያን ብሆንም ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

«ሞላ፣» አሉኝ፣ «ፍየሎቼን ልሽጥና ላክላቸው። የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ አድርጌ ካዕባ ፊት አልቆምም።»

ያን ቀን እንዳሉኝ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የማወጋችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር። ግን እኔ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ፣ በወልድያ ቀበሌ ለቀበሌ ማመልከቻ የምጽፍ፣ ነገር የምወድ ሰው ነኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እኔን ነው። ያላዘዙት ዕቃ ዕዳ እንደማይሆን አስረዳኋቸው፤ ገንዘባቸውን እንዳይነኩ፣ ጉዳዩን ለእኔ እንዲተዉት አልኳቸው። እመት ዘሀራ ለእኔም እምቢ ማለት አልቻሉም።

መጀመሪያ ደወልኩ። ያነሣችው ቤዛ ናት። ሳህኖቹ ካልተነኩ መመለስ እንደሚቻል ነገረችኝ፤ እኔ የዝይዋ ምንቃር ትዝ አለኝ። ጮህኩባት። እንዴት አንቺ የሰው ልጅ አሮጊት ታታልያለሽ፣ ማንጎውን ስትበሉ ለምን ለስብስብ ብቻ አላላችሁም፣ አልኩ። ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው፣ ጋሼ» አለች። ይህን ቃሏን ያን ቀን አልሰማሁትም፤ የምሰማው አሁን ነው።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። በእኛ አገር ደብዳቤን የሚያስፈራው ሐሳቡ ሳይሆን ግልባጩ መሆኑን ስለማውቅ ከግርጌው ስድስት መሥሪያ ቤት ደረደርኩ፤ ለአንዳቸውም አልላክሁም። የበዳዩን ስም መጥቀስ ነበረብኝ፤ የማውቀው ስም ደግሞ አንድ ብቻ ነው። «ቤዛ የተባለች ሠራተኛችሁ» እያልኩ አራት ቦታ ጠቀስኳት። ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

በሳምንቱ መልስ መጣ። ደንበኛዋ ከመዝገባቸው ተሰርዘዋል፤ የሚጠየቁት ዕዳም የለም። ጥፋቱ የአንዲት ሠራተኛ የግል ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ሠራተኛዋ ከሥራ ተሰናብታለች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻውን አንዴ አንብቤ ስልኬን ዘጋሁ። ድርጅቱ ሊሸልማት የሚገባ ልጅ ነበረች እኮ፤ ስንቱን አሮጊት እሺ አሰኝታለች። ለእሷ ሲሆን ግን እሺ ባይ ጠፋ።

ደረቴን ነፍቼ መርሳ ወረድኩና ዕዳው መሰረዙን ነገርኳቸው። ስለ ልጅቷ አልተነፈስኩም። እመት ዘሀራ የተደሰቱ አይመስሉም።

«አውፍ አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰርዘውታል እኮ፣ እመት።»

«መሰረዝማ ወረቀት ነው። እኔ እሺ ያልኳት ያቺን ልጅ ነው። እሷ በአፏ አውፍ ብላለች ወይ?»

ከማንጎው ሥር ወጥቼ ደወልኩ። ቁጥሩ አይሠራም። ለድርጅቱ ጻፍኩ፤ እኔንም እንደ እሳቸው ሰርዘውኛል መሰለኝ መልእክቴ አይደርስም። በቀጣዮቹ ቀናትም ሞከርኩ። የልጅቷን የአባት ስም እንኳ አላውቅም፤ አዲስ አበባን የሚያህል ከተማ ወርዶ «ቤዛ» ብሎ መጣራት ነው የቀረው። እመት ዘሀራ ሼሁንም ጠይቀዋል። ሼሁ ምንም ዕዳ የለብሽም ብለዋቸዋል። የሼሁን ቃል ተቀበሉ፤ ልባቸው ግን አላረፈም። ፍየሎቹን ሳይሸጡ፣ ሳይበሉም፣ ደጅ ላይ እያዩዋቸው ከረሙ። እህል እየቀነሱ ሲሄዱ ጎረቤቶቻቸው የመንገድ ሐሳብ ነው አሉ።

የጉዞው ቀን መርሳ ሄድኩ። ደጃፋቸው በሰው ተሞልቷል። ነጭ ለብሰው በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ሰው እጁን እየያዙ አውፍ በለኝ፣ አውፍ በይኝ ይላሉ። ዓመት የተኳረፏቸው ጎረቤት እንኳ መጥተው ተላቀሱ። መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። የእኔ ተራ ሲደርስ ከእጄ በፊት ዓይኔን ያዙኝ።

«አገኘሃት?»

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ልጅቷን እኔ ከእንጀራዋ አፈናቅያታለሁ፣ ሐቁ ያለው በእኔ አንገት ላይ ነው፣ እርስዎ በሰላም ይሂዱ ማለት ነበረብኝ። ይህን ብል ደግሞ መኪናው ላይ አይወጡም ነበር፤ አውቃቸዋለሁ።

«አገኘኋት» አልኩ።

«ምን አለች?»

«አውፍ ብያለሁ፣ በሰላም ደርሰው ይመለሱ ብላለች።»

ፊታቸው ሲፈታ አየሁት። ከዚያ «አንተስ?» አሉኝ። እኔም አውፍ አልኩ፤ አውፍ የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር። ግንባሬን ስመውኝ ወጡ።

ሐጅ አድርገው በሰላም ተመለሱ። አሁን ሐጃ ዘሀራ ናቸው። ሊጠይቃቸው የማይመጣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሄድኩ። ከስተዋል፣ ግን ደስ ብሏቸዋል። ለእኔ ያመጡልኝን ሰጡኝና ቆይ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ከእነዚያ ሳህኖች አንዱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ቁራው ያለበትን። ተምር ሞልተውበት በነጭ ጨርቅ አስረውታል።

«ይህ የቤዛ ነው» አሉ። «እዚያ ቆሜ ስሟን ጠርቼ ዱዓ አድርጌላታለሁ። አንተ ታገኛት የለ፣ አድርስልኝ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ተቀብዬ ወልድያ ወጣሁ።

ሳህኑ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ለማን ልላከው? ድርጅቱ አይመልስልኝም፣ ልጅቷ የለችም። ያላዘዙት ዕቃ ዕዳ አይሆንም ብዬ ሦስት ገጽ የጻፍኩት ሰውዬ አሁን ያላዘዝኩት ሳህን ቤቴ ገብቶ መመለሻ አጥቻለሁ፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ሐጃ ዘሀራ በየሳምንቱ ይደውላሉ። ደረሰላት ወይ ሲሉኝ ደርሷል አልኩ። ምን አለች ሲሉኝ አመሰገነች አልኩ። ሥራዋ እንዴት ነው ሲሉኝ ደህና ነው አልኩ። አንዷን ውሸት ቀጥ አድርጎ ለማቆም ሌላ ማስደገፊያ ሲያስፈልጋት፣ የእኔ ውሸት ይኸውና ሙሉ ቤት ሆናለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ልጅቷ ሳህኑን መልሳ እንደሆነ፣ ከመለሰች ስወርድ እንዳመጣላቸው። ሳይሳቀቁ ነው የጠየቁኝ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ብትሆንም ሕጉን ታውቃለች ብለው ያምናሉ። እኔም ትናንት ገበያ ወጥቼ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ስዞር ዋልኩ፤ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ለአንዲት ሐጃ ምን እንደምትልክ እያሰብኩ። ብስኩት ገዛሁ፣ ጥሩ ሻይ ቅጠል ገዛሁ።

ቤት ገብቼ ሳህኑን አወረድኩና ጨርቁን ፈታሁት፤ ተምሩ እንደሞላ ነው። ባዶውን መመለስ እንደሌለበት አውቃለሁ። ለመሙላት ግን መጀመሪያ ባዶ መሆን አለበት፤ ይህን ተምር ቢበላ የማያንቀው ሰው ደግሞ አሁንም አላገኘሁም።