የመሰርሰሪያው ምርጫና የአማቴ ደረጃ

አንድ ቤት ደረጃ ባይኖረው ግድ የለም፤ ሥርዓት ከሌለው ግን ምን ዋጋ አለው? የባለቤቴ ወንድሞች ይህን ታላቅ እውነት በተግባር ያስመሰከሩ ሰዎች ናቸውና፣ ገድላቸውን ሳልጽፍ ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ።

ሁለቱም ብረት ሠሪዎች ናቸው። አባታቸው ወርክሾፑን ሲያወርሷቸው፣ «ማሽኑ በታላቁ እጅ ይሁን፣ ማሽን ላይ የሚገጠመው ሁሉ በታናሹ፤ አንዱ በሌላው ሥራ ጣልቃ እንዳይገባ» ብለው ተናዘዙ። ሰውዬው ይህን ያሉት ልጆቻቸው እንዳይጣሉ ነበር። ልጆቹ ግን ቃሉን ከተናጋሪው አብልጠው አከበሩት፤ ጣልቃ አለመግባት ማለት አለመጠየቅ ነው ብለው ተረጎሙት። ታላቁ መጋዝ ሲገዛ ምን ዓይነት ምላጭ እንደሚገባበት አይናገርም፣ ታናሹም ቢሞት አይጠይቅም። በዚህ የተነሳ ወርክሾፓቸው ውስጥ ምላጭ ያጣ መጋዝና መጋዝ ያጣ ምላጭ ጎን ለጎን፣ ተከባብረው ይኖራሉ።

እናታቸው፣ ማለትም አማቴ፣ የሚኖሩት ከወርክሾፑ በላይ ባለው ፎቅ ነው። በውጭ በኩል የሚያወጣው የእንጨት ደረጃ ስለበሰበሰ፣ ልጆቻቸው በብሎን የሚታሰር የብረት ደረጃ ሊሠሩላቸው ወሰኑ። በማግስቱ አሮጌው ደረጃ ፈረሰ። የማፍረሱ ምዕራፍ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ፣ በላቀ አፈጻጸም ተጠናቀቀ። አማቴ በሰዓቱ ፎቅ ላይ ሆነው ሬዲዮ ይሰሙ እንደነበር የታወቀው ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ባለቤቴ ወለደች። ለአማቴ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ናት። ቤታችን ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ከበራቸው ላይ ቆመው መስኮታችንን ያያሉ፣ የሕፃኗን ለቅሶ ይሰማሉ፤ ማቀፍ ግን የለም። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ሳላቅፋት ጥርስ ልታወጣ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። ምግባቸው በቅርጫት፣ በገመድ ተስቦ ይወጣል። ታላቁ ወንድም «ሕፃኗም በዚያው ቅርጫት ብትወጣ ምን አለበት?» የሚል ሐሳብ ስላቀረበ እህቱ ካኮረፈችው ቆየች። እኔም አንጀቴ አሮ ነበር። ማብሰሉ፣ የሽንት ጨርቅ ማጠቡ፣ እሹሩሩ ማለቱ ሁሉ እኔ ላይ ወድቆ፣ የስፌት ሱቄን ዘግቼ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ተረት ሆኖብኛል። አማቱን እንደ እኔ የናፈቀ ወንድ በታሪክ የተመዘገበ አይመስለኝም።

ደረጃ ግን እንዲሁ አይሠራም። ብረቱ ወፍራም ነው፤ የእጅ መሰርሰሪያቸው የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሳይጨርስ ጭሶ ተቃጠለ። ስለዚህ በመብራት በሚሠራ ማግኔት ብረቱ ላይ ተጣብቆ የሚበሳ፣ ማግኔት ድሪል የሚባል ማሽን እንዲገዛ ሆነ። እሱም ባዶ እጁን አይበሳም። ከተር የሚባል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ አፉ ዙሪያውን ጥርስ ያበቀለ ክብ ብረት በጭራው በኩል ማሽኑ አፍ ውስጥ ይገጠምለታል። እንግዲህ ማሽኑ የታላቁ፣ ከተሩ የታናሹ ሥልጣን ነው።

ታላቁ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ስለ ፍጥነቱ አልጠየቀም፣ ስለ ጉልበቱም አልጠየቀም፤ ምን ዓይነት ከተር እንደሚገባበት መጠየቅማ ኑዛዜ ማፍረስ ነው። የፈተነው ማግኔቱን ብቻ ነበር። ማሽኑን የሱቁ የብረት በር ላይ አስለጥፎ እሱ ራሱ ተንጠለጠለበት። «እዩ እንግዲህ! እግሬ መሬት አይነካም!» ከማለቱ መብራት ጠፋ፣ ማግኔቱም ለቀቀ። ወገቡን ይዞ ከተነሳ በኋላ፣ «እስኪለቅ ድረስ አያያዙ ግሩም ነው» ብሎ ገዛው።

ታናሹም በበኩሉ አላረፈም። ወርቃማ ቀለም የተቀቡ ከተሮች አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ሻጩ፣ «ማሽንህ ምን ዓይነት ጭራ ነው የሚቀበለው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ኮስተር ብሎ፣ «እኔ በሰው ሥራ አልገባም» አለው። ሻጩም ጠቀለለለት።

በዚህ ሁሉ መሐል አማቴ ከላይ ሆነው፣ «ምነው ዘገያችሁ?» ሲሉ ታላቁ ቀና ብሎ፣ «እማዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላቸዋል። እንቁላሉ ይሂድ፣ መልካም። አማቴ ግን ሁለት ጤነኛ እግር ይዘው ተቀምጠዋል።

የመግጠሚያው ቀን ደረሰ። ለካስ የማሽኑ አፍ የሚፈልገው ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ለስላሳ ጭራ ኖሯል፤ የወርቃማዎቹ ከተሮች ጭራ ደግሞ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ነው። ገፉት፣ አልገባም። ግሪስ ቀቡት፣ ተንሸራቶ የታላቁ እግር ላይ ወደቀ እንጂ አልገባም።

«የገዛኸው ከተር አጉል ነው» አለ ታላቁ፣ አንድ እግሩን ይዞ እየዘለለ።

«ጋሼ፣ ከተሬ ምንም አልሆነ። ማሽንህ ነው አፉ የተበላሸ።»

«ጥርስ ነው ለአፍ የሚበቅለው፣ ወይስ አፍ ለጥርስ?»

«ጥርስ የሌለው አፍ ምን ሊያኝክ ነው?»

«እኔ አፍም ጥርስም አለኝ!» ብለው ጮኹ አማቴ ከፎቅ። «መውረጃ ነው ያጣሁት!»

እኔ ሞኙ፣ «ከሁለቱ አንዱን መልሳችሁ ብትቀይሩትስ?» አልኩ። ሁለቱም እኩል ዞረው፣ «በሥራችን ጣልቃ አትግባ!» አሉኝ። በዓመታት ውስጥ በአንድ ድምፅ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

መቼም ለእንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ ዳኛ ያስፈልጋል። ከእናት የሚበልጥ ዳኛ የለምና ወደ አማቴ ይግባኝ ለማለት ተስማሙ። ጎረቤታችን ቀለም ቀቢው መሰላል አለው። ለአማቴ መውረጃ እንዲሆን ገና በመጀመሪያው ቀን ሊያውስ መጥቶ፣ ወንድማማቾቹ «የብረት ሠሪ እናት በእንጨት መሰላል ወረደች አስብለህ የሰው መሳቂያ ልታደርገን ነው?» ብለው መልሰውታል። ለይግባኝ ሲሆን ግን ክብሩ አልተነካም። ታላቁ ማሽኑን በትከሻው፣ ታናሹ ከተሮቹን በብብቱ ይዘው እያቃሰቱ ወጡ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አማቴ ሁለቱንም አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ድምፃቸው እስከ ታች ተሰማኝ፦ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በሉ እዚሁ ተነጋገሩ፣ እኔ መጣሁ።»

ቀና ስል ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መሰላሉ ላይ ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸው፣ እንደዚያ ሲወርዱ ልጃገረድ ይመስሉ ነበር። መሬት ሲረግጡ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «በል ልጄ፣ መሰላሉን ለባለቤቱ መልስለት። የሰው ዕቃ ማስቆየት ነውር ነው» አሉኝ።

አማች የአማቱን ቃል አይጥስም። መለስኩት።

አማቴ መንገዱን ተሻግረው ሕፃኗን አቀፏት፤ ባለቤቴም እሳቸውም አለቀሱ፣ እኔም ትንሽ። ሕፃኗን እንዳቀፉ ደጃፋችን ላይ ሲቆሙ ወንድማማቾቹ ከፎቁ በር ላይ ብቅ አሉ።

«እማዬ! መሰላሉስ?»

«ለባለቤቱ ተመለሰ።»

«እኛ ታዲያ በምን እንውረድ?»

«በደረጃ ነዋ! ብረት ሠሪዎች አይደላችሁ እንዴ?»

ታላቁ ወደ ታች አየ። ታናሹም አየ። ከዚያ ተያዩ። የሆነውን በጆሮዬ ባልሰማ አላምንም ነበር። ታናሹ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ለማሽኑ ምን ዓይነት ጭራ ነው የሚሆነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ታላቁም ምንም ሳይኮራ ነገረው። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም፣ ተጨርሷል። ታናሹ ከላይ ሆኖ፣ «የኔ ወንድም፣ በእናትህ ሩጥ! እነዚህን መልሰህ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነውን አምጣልን!» እያለ ለመነኝ፣ ታላቁም «ቀለሙ የፈለገውን ይሁን!» ብሎ ጨመረበት።

በቅርጫቱ ያወረዷቸውን ከተሮች ተቀብዬ ወደ ሱቁ ስሮጥ፣ ያ ሁሉ ምርጫ ለምን እንደዘገየ ገባኝ። መራጮቹ እስከዚያ ድረስ መሬት ላይ ነበሩ።