አያ ዓለምነው፣ ሊቀ መሳክው

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩ፣ በየሠርግ ድንኳኑ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም፤ ሥራው ሳይጀመር የሥራውን አሠራር ሲያስረዳ ፀሐይ የምታዘቀዝቅበት። ሌላው እጅጌውን ሰብስቦ ሲነሣ እሱ፣ “ቆይ፣ መጀመሪያ ሥርዓት እንያዝ!” ይላል። በደርግ ዘመን የጎንደር መስኮት አጣቢዎች ማኅበር የዚህን ዘር ቁንጮ፣ አያ ዓለምነውን፣ ሊቀ መንበር አድርጎ ይዞ ነበር። የማኅበሩ ሴቶች እሳቸው በሌሉበት “ሊቀ መሳክው” ይሏቸዋል፤ የመስኮት ሁሉ አለቃ ማለታቸው ነው።

ከሁሉም የመረራት እንኳየሁ ነበረች፤ መሰላል ያዣቸው እሷ ናትና። ቀበሌው ማኅበሩን ካቋቋመ ጀምሮ እሳቸው ላይ፣ እሷ ታች ሆነው የፒያሳን መስተዋት ሲያጥቡ ኖረዋል። ጉልበቷን ያማታል። በክረምት ጣቶቿ በቀዝቃዛ ውሃ ይደነዝዛሉ። ከሁለቱም የሚብሰው ግን የአያ ዓለምነው አፍ ነው።

“ከላይ ወደ ታች! ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“ኧረ አላየሁም፣ አያ ዓለምነው።”

“እንግዲያስ!”

የክፈፉ ጨርቅ የመስተዋቱን ጨርቅ ከነካ የዚያ ቀን ነገር አበቃለት። እርጥቡን በግራ፣ ደረቁን በቀኝ፣ የጠርዙን ከኋላ ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ሲሄዱ፣ ነፋስ ቢመጣ ይዟቸው የሚበር ይመስላሉ። መስተዋት የሚያደርቁበትን ጋዜጣ ሳይቀር ይለያሉ፤ የመሪዎች ፎቶ ያለበት ገጽ ለብቻ፣ የጨረታና የኳስ ወሬው ለሥራ። “በፎቶ ወልውለሽ ቀበሌ ስትጠሪ እኔ የለሁበትም” ይሏታል። በዚህኛው እንኳ ማንም ስቆባቸው አያውቅም።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ግን መድገም ነበር። አንድ ጊዜ እንኳየሁ አንድ መስኮት አልጠራም ብላ፣ መሰላሉን ወደ ኋላ ልትመልስ ብትል፣ “መስኮት ሁለቴ ማጠብ ሥራ አይደለም፣ ዘመድ ጥየቃ ነው!” ብለው እስከ ማታ አኮረፏት።

በነሐሴ የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ የየመሥሪያ ቤቱ መስተዋት ሁሉ እንዲያበራ ታዘዘ። በዚያው ሳምንት የእንኳየሁ አንድዬ ልጅ፣ ታከለ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ምልምሎቹ አዘዞ አንድ የጦር ግቢ ውስጥ እንዳሉና በቅርቡ እንደሚጫኑ ሰማች። ሄደች፤ ዘበኛው ከበር መለሳት። ደግማ ሄደች፤ ደግሞ መለሳት።

“አያ ዓለምነው፣ ነገን ይተዉኝ። አዘዞ ልሂድ።”

“ላያስገቡሽ? በር ላይ ቆመሽ ልታለቅሺ?”

“ላልቅሳ!”

“አይሆንም። ነገ ሥራ አለ። በጠዋት ነይ።”

አንጀት የሌለው ሽማግሌ፣ ይህ ሰው እናት አልወለደችውም እያለች ወደ ቤቷ ገባች። ይሁንና የማኅበር ነገር ነውና በጠዋት ሄደች። አያ ዓለምነው መሰላሉን አንድ የጭነት ማኪና ላይ እያሰሩ ደረሰች።

“ምነው? ፒያሳ አይደል እንዴ?”

“ፕሮግራም ተለውጧል። ባልዲውን ያዢ።”

ፕሮግራም ተለውጧል ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ማኪናው ቁልቁል ወደ አዘዞ ሲያቀና አንገቷን አስግጋ መንገዱን ታይ ጀመር፤ መጠየቅ ግን ፈራች። ከግቢው በር ሲደርሱ ያው ዘበኛ ወጣ።

“መስኮት አጣቢዎች ነን፤ አለቃህ ያውቃል” አሉት አያ ዓለምነው።

“እሷስ?”

“መሰላሉን አንተ ትይዝልኛለህ?”

ዘበኛው መሰላሉን ሽቅብ አየና በሩን ከፈተ።

ምልምሎቹ ከሚያድሩበት አዳራሽ ሲደርሱ አያ ዓለምነው ያለወትሯቸው ጨርቁን ለእሷ ሰጧት። የመስተዋቱ አቧራ ባንድ ዓመት የተጠራቀመ አይመስልም። ውሃ ደፍታ ወለል ስታደርገው ራሳቸውን የተላጩ ልጆች ታዩ። አንደኛው ብድግ አለና መስኮቱን በርግዶ ከፈተው።

“እማዬ!”

ስንት ቀን ስታሰናዳው የከረመችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

“በልተሃል?”

“በልቻለሁ። ጉልበትሽስ?”

“ጉልበቴን ተወው። ሌሊት ይበርድሃል?”

“ብዙ ነን፣ አይበርድም” አለና በእርጥብ ጨርቋ ላይ እጇን ያዛት። እንዲያው ተያይዘው ቆሙ።

አንድ አሥር አለቃ ከወዲያ ብቅ አለ። “ይህ መስኮት አላለቀም?”

አያ ዓለምነው መስተዋቱን አዩት። ፊት ያሳያል።

“አልጠራም” አሉ። “ድገሚው፣ እንኳየሁ።”

ደገመችው። አሥር አለቃው ዞሮ መጣ።

“ጥጉ ላይ ጭረት ይታየኛል” አሉ አያ ዓለምነው ቀድመውት። “ድገሚው።”

መለከት ተነፍቶ ልጆቹ ለሰልፍ እስኪጠሩ ድረስ ያንን አንድ መስኮት አጠበችው። ሲመለሱ ጉልበታቸውን ልትስም ብትል፣ “ጨርቁን ጨመቅሽው?” ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እንዲያስገቧቸው የግቢውን መስኮት በሙሉ በነጻ እናጥባለን ብለው አያ ዓለምነው አለቃውን እንደተለማመጡ የነገራት ሾፌሩ ነው።

ምልምሎቹ ወዲያው ተጫኑ። ወዴት እንደሆነ የነገራት የለም።

ሰኞ ፒያሳ ሥራ ተጀመረ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ብርቱካን፣ ወገቧ ላይ ጨርቅ አንጠልጥላ እንደ አያ ዓለምነው እየተንጎራደደች ሁሉንም አሳቀች። የሐሜቱ ዋና እንኳየሁ ነበረችና ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ አልሳቀችም።

“ምነው? ዛሬ ጻድቅ ሆኑልሽ?” አለች ብርቱካን።

“ምን ጻድቅ! ዛሬም ከጠዋት ጀምረው አናቴን አዙረውታል” አለች እንኳየሁ፣ ባልዲዋን እያነሣች። “እኔ ልማቸው። አንቺ ግን እሳቸውን ለማማት መጀመሪያ መሰላላቸውን ያዢ።”