ስድስት ጠርሙስ ጠላ ወደ ጆሃንስበርግ

[ናይሮቢ፣ ኢስሊ፤ የሱሩር የሻንጣ ሱቅ። ባንታየሁ ኪሊማኒ ሰፈር ካለው ቤቱ ይዞት የመጣውን በገመድ የታሰረ ሻንጣ ባንኮኒው ላይ አጋድሞታል። ሱሩር አፍንጫውን ይዞ ሻንጣውን ያገላብጣል።]

ሱሩር፦ ፈንድቷል።

ባንታየሁ፦ አልፈነዳም። ተከፈተ በል።

ሱሩር፦ ዚፑ እንደተዘጋ በጎኑ የተከፈተ ሻንጣ አይቼ አላውቅም።

ባንታየሁ፦ የሸጥክልኝ አንተ ነህ። ስፌቱ ነው የለቀቀው።

ሱሩር፦ ስፌቱ ምን ያድርግ? ልብስ ያዝበት ብዬ ብሰጥህ ጠላ ጠመቅክበት።

ባንታየሁ፦ የጠመቅኩት በበርሜል ነው፣ በረንዳዬ ላይ። ሻንጣው ማጓጓዣ ብቻ ነበር። አንተ ስለ ጠላ ስለማታውቅ ነው።

ሱሩር፦ ጠጥቼ አላውቅም፣ እውነትህን ነው። ካልቸኮልክ ንገረኝ።

[ባንታየሁ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።]

ባንታየሁ፦ ልጄ ዓይናለም ጆሃንስበርግ ልታገባ መሆኑን ነግሬህ ነበር። ሠርጉ ወር ሲቀረው ደወለችና፣ አባዬ፣ ሌላ ስጦታ አልፈልግም፣ የቤታችንን ጠላ ይዘህልኝ ና አለችኝ። እናቷ ምሥራቅ ከሞተች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ልጅቷ የእናቷን ጠላ ስትለምነኝ እንዴት አይሆንም እላለሁ? ሃያ ዓመት የጠጣሁት ጠላ ነው፣ አውቀዋለሁ አልኩ።

ሱሩር፦ መጠጣቱን ነው መጥመቁን?

ባንታየሁ፦ ያን ጊዜ አንድ መስሎኝ ነበር። ጌሾና ብቅል ገዛሁና ጠነሰስኩ። እንኩሮውን ሳምስ የፎቁ የጭስ ማንቂያ ጮኸና የሦስት ፎቅ ሰው በነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ወጣ። እኔም ከእነሱ ጋር ወጥቼ፣ ማን ይሆን እንዲህ የሚያደርገን እያልኩ ቆምኩ።

ሱሩር፦ ከዚያስ ደረሰ?

ባንታየሁ፦ ጠላው አልደረሰም፣ የበረራው ቀን ግን ደረሰ። በስድስት የለስላሳ ጠርሙስ ሞላሁት፣ ክዳኑን አጥብቄ በፕላስተር ጠመጠምኩት።

ሱሩር፦ ገና እየፈላ? መተንፈሻ አይፈልግም?

ባንታየሁ፦ የታክሲው ሹፌርም እንዳንተው ጠየቀኝ። ሰማይ ላይ ይበርዳል፣ በብርድ ደግሞ ጠላ አይፈላም ብዬ በእርጋታ አስረዳሁት። ሰማይ ላይ ከመድረሳችን በፊት ምድር ላይ የናይሮቢ የመኪና ጃም እንዳለ ረስቼዋለሁ። ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆምን። ጠላው እቃ መጫኛው ውስጥ ነው።

ሱሩር፦ ተቀቀለ በለኝ።

ባንታየሁ፦ ኤርፖርት ስንገባ ሻንጣዬ በማሽኑ አለፈና ፈታሿ ስድስቱን ጠርሙስ አየቻቸው። ምንድን ነው ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ መልሼላት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን በስዋሂሊ ላስደንቃት ፈለግኩ። ፖምቤ ያ ሀታሪ አልኳት።

[ሱሩር ቀና ይላል።]

ሱሩር፦ ሀታሪ?

ባንታየሁ፦ ሀሩሲ ልል ነው። የሠርግ መጠጥ ነው ልላት።

ሱሩር፦ ሀታሪ አደጋ ማለት ነው እኮ። አደገኛ መጠጥ ነው አልካት።

ባንታየሁ፦ ሃያ አምስት ዓመት ናይሮቢ ኖሬ እዚያች ደቂቃ ላይ ተማርኩት። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ አንደኛው ጠርሙስ ሻንጣው ውስጥ ጧ አለ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተኛ። ከሁሉም ቀድሜ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ የጠመቅኩት ራሴ ሆኜ ሳለሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ተከተሉ። ከዚያ በሻንጣው ጎን አረፋ ይንቆረቆር ጀመር።

ሱሩር፦ አላሰሩህም?

ባንታየሁ፦ ሊወስዱኝ ነበር። አንድ ሸበቶ ጥበቃ ግን ቀረብ ብሎ አሸተተውና ሳቀ። ቡሳ ነው አላቸው፤ አያቱ ቤት የሚጠመቅ የእነሱ ጠላ አለ፣ እንዲሁ ይሸታል። ልጄን ልድር እየሄድኩ መሆኔን በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ፖሌ ምዜ፣ አይዞህ ሽማግሌ ብሎ ከመሬት አነሳኝ። የተነፋፉትን ሁለቱን ደፉብኝ። አንዷን ግን አይተው መለሱልኝ፣ ሻንጣውንም በገመድ አሰሩልኝ። የተረፈችው ክዳኗን ማጥበቅ የረሳኋት ናት። በእውቀት የዘጋኋቸው ሁሉ አለቁ።

ሱሩር፦ ሱፍ ልብስህስ?

ባንታየሁ፦ እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነበራ። አጠብኩት፣ ሽታው አልለቀቀም። ሌላ ስለሌለኝ እሱኑ ለብሼ ሠርጉ ላይ ተገኘሁ። የሙሽራው ወላጆች በጠዋት የሰከርኩ መስሏቸው ግራና ቀኝ ደግፈው አስቀመጡኝ። አልሰከርኩም ልላቸው ፈለግኩና ሰካራም ሁሉ እንዲህ እንደሚል ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

ሱሩር፦ ዓይናለም ጠላውን ቀመሰችው?

[ባንታየሁ ወንበሩን ወደ ባንኮኒው ያስጠጋል።]

ባንታየሁ፦ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀዳሁላት። አንዴ ስትጎነጭ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷ ትዝ አለቻት ብዬ እኔም ላለቅስ ስል፣ ይሄ የፍቅርተ ጠላ አይደለም አለችኝ። ፍቅርተ ማን ናት አልኳት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ነበር። ኋላ ነው ረጋ ብላ፣ «አባዬ፣ እማዬ እኮ በሕይወቷ ጠላ ጠምቃ አታውቅም» ያለችኝ።

ሱሩር፦ [ሻንጣውን በጨርቅ መጥረግ ይጀምራል።] እ...

ባንታየሁ፦ ኢስሊ ካለች ፍቅርተ ከምትባል ጠማቂ ነበር የምታስመጣው። ይዘህ ና አልኩህ እንጂ ጥመቅ አልኩህ እንዴ ብላ ዓይናለም ስትስቅ ኩሏ ፊቷ ላይ ወረደ። ገና እንደተጋባን ጠላው የምሥራቅ ሙያ ነው ብዬ ለእንግዶች ሳወራ፣ እናቷ ልታርመኝ ክፍተት ስትጠብቅ ሃያ ዓመት አለፈ አሉ።

ሱሩር፦ ተቀየምክ?

ባንታየሁ፦ አፈርኩ። ልጄ ግን ያን ኮምጣጣ እስከ አተላው ጨረሰችው። በቤታችን ጠላ የጠመቀ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ በኋላ የሽታው ነገር አላሳሰበኝም። አሁን ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ምሥራቅ መኪና አትነዳም። በየሳምንቱ ጀሪካን ይዛ ማታቱ ሚኒባስ ላይ አትሳፈርም። ታዲያ ከኢስሊ ኪሊማኒ ድረስ ማን ያመጣላት ነበር?

[ሱሩር ጨርቁን አጣጥፎ ያስቀምጣል።]

ሱሩር፦ እኔ ነኝ።

ባንታየሁ፦ አንተ?

ሱሩር፦ የፍቅርተ ቤት ከሱቄ ጀርባ ነው። ለእኛ ቤት የማያሰክረውን ቄሪቦ ታዘጋጅልናለች፤ እሱን ለመውሰድ ስሄድ የእናንተንም እጭን ነበር። አንተ ሥራ ላይ ስትሆን አደርሳለሁ።

ባንታየሁ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቺ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምሥራቅን አጠማመቅ ሳስተምርህ የኖርኩትስ? ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ በርሜሉ በምን እንደሚታጠን?

ሱሩር፦ አዳምጥህ ነበር።

ባንታየሁ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ሱሩር፦ ልነግርህ ነው ብዬ አንድ ቀን ምሥራቅን አማከርኳት። አደራህን እንዳትነግረው አለችኝ፤ «ሲያስረዳ ፊቱ ይበራል፤ እኔ ሃያ ዓመት ከሰማሁት አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ብትሰማው ምን አለበት?»