ከቆርቆሮው ማዶ ያለው ባንድ

ምስጢር ያለው ሰው ቆቦ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት እንዳይከራይ። ይህን የምላችሁ እኔ ልብስ ሰፊው ይማም ነኝ። ሱቄ ከገበያው ጀርባ ናት፤ ከጎረቤቴ የሚለየኝ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ሲያስነጥሰው እኔ ከዚህ "ይማርህ" እለዋለሁ፣ እሱ ከዚያ "ያኑርህ" ይለኛል። ሳንተያይ እንዲህ ስንባባል ኖረናል።

አምና ያ ጎረቤቴ ለቀቀና ክፍሉን "ማማ" ተከራየው። ማማ ባንድ ነው። ማሽላ ሲያፈራ ወፍ የምንጠብቅበት ከፍ ያለ የእንጨት ማማ አለ አይደል? እዚያ ላይ ወጥተው ወፍ ሲያባርሩ ነው ዘፈን የጀመሩት፤ ስማቸውም ከዚያ መጣ። ሦስት ናቸው። ትርንጎ ትዘፍናለች፣ ጌታሁን ክራር ይመታል፣ ሰይድ ከበሮ። ድሮ ከዋጃ እስከ ሮቢት እነሱ ያልዘፈኑበት ሰርግ፣ ሰርግ አይባልም ነበር። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣና አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ተበተኑ። እኛም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘፈን የሚባል ነገር ረሳን።

እና ተመለሱ! አዲስ ዘፈን ይዘው፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሕዝብ ፊት ሊዘፍኑ። ትርንጎ ግን ፈርታለች። ሰው ረስቶን ቢሆንስ ትላለች። ደሴ ያለው ወንድሟ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ነይ እያለ ይወተውታታል። አዲሱ ዘፈን ሰው ካልነካ፣ ባንዱ ቀርቶ ደሴ እንደምትገባ ምላለች። ደግሞ ማንም ቀድሞ እንዲሰማው አትፈልግም፤ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ፊቱን ማየት አለብኝ አለች። ግድግዳውን በጆንያና በአሮጌ ፍራሽ ሸፈኑት። ከዚያ ወደ እኔ ብቅ አለችና፣ "ጋሽ ይማም፣ ድምፁ አይረብሽዎትም አይደል?" አለችኝ።

"የምን ድምፅ?" አልኳት።

ታዲያ ምን ልበላት? ይሰማል ካልኳት ጓዟን ጠቅልላ ልትሄድ ነው። ስንት ዘመን ዝምታ ጠግበን፣ ዘፈን በስንት ጊዜው ደጄ ድረስ ሲመጣ ላባርረው?

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔ ስፌት መኪና በእግር የምትሄድ ናት። ሰይድ ከበሮውን ሲያፈጥን የእኔም እግር ይፈጥናል። አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ሱሪ ሳሳጥር ሰይድ በከበሮው አበደ፤ ወላሂ አንዱን እግር ከታች ደፍኜ ሰፋሁት! ሰውየው ሊለካው እግሩን ቢሰድ አልወጣ አለው። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ትርንጎ ከማዶ ዘፈኑን አወጣችው። በቃ፣ ሱሪውን እንደያዘ ቁጭ አለ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነሳም። በማግስቱ ደህና ሸሚዝ ለብሶ መጣና ቁልፍ ስፋልኝ አለኝ። የቱን ቁልፍ? እዚያው በረንዳዬ ላይ በጥሶ ሰጠኝ።

ወሬው ተዛመተ። የቆቦ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ እንደዚያ ሰሞን ረግፎ አያውቅም። በረንዳዬ ጢም ይላል፤ ማንም ደግሞ አይቸኩልም። እኛ አገር መቼም ዘፋኝ ብቻውን አይዘፍንም። እሱ ያወጣል፣ ሰው ይቀበላል። ትርንጎ ከማዶ፣

ዞብል ላይ ደመና ሲነሳ አየሁና፣
ደጃፌን ከፍቼ አደርኩ ትናንትና

ስትል ጓደኞቿ "ግባ በሉት ግባ!" ይላሉ። እኛም በሹክሹክታ እንቀበላለን። እየቆየን ስንሄድ "ከነጓዙ ይግባ!" የምትል ከራሳችን ጨመርንባት። እንዴት ያለች ነገር መሰለቻችሁ!

ቀኑ ደረሰ፣ ሜዳው ሞላ። ደንበኞቼን ቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ፤ የልጅቱን ደስታ እንዳታበላሹ፣ ሰምቶ እንደማያውቅ ሰው ሁኑ ብያለሁ። ትርንጎ መድረክ ላይ ወጣች። ይህን ዘፈን ከእኛ ከሦስታችን በቀር የሰማው የለም አለች። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

አወጣችው። ሰይድና ጌታሁን ተቀበሉ። ሜዳው ጭጭ። የሱሪው ሰውዬ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ይዟል። ደግማ አወጣች። አሁንም ጭጭ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ለካ እኛ ደስ ይበላት ብለን አፋችንን ስንይዝ፣ እሷ አልወደዱትም ብላለች! ድምፅዋ ተቆረጠ። ማይኩን ዝቅ አደረገችው። ልጅቱ ደሴ ልትገባብን ነው!

አልቻልኩም። በዚህ ዕድሜዬ ከወንበር ተነስቼ "ግባ በሉት ግባ!" ብዬ ጮኽኩ። ሜዳው ይህን ነበር የሚጠብቀው፤ "ከነጓዙ ይግባ!" ብሎ ፈነዳ።

ትርንጎ ክው አለች። ጌታሁን ክራሩን አቆመ። "ከነጓዙ" የምትለዋን እነሱም አያውቋትማ! ዓይኗ ሕዝቡን ሲዞር ቆይቶ እኔ ላይ አረፈ። ከዚያ በማይኩ፣ አገር እየሰማ፣

"ጋሽ ይማም! የምን ድምፅ?"

ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቀ። "አብሽሪ፣ ዝፈኝ!" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጣል? ወንበሩ ተገፋ፣ ትከሻው ወረደ፣ አቧራው ጨሰ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የወንድሟ ሱቅም ሌላ ሻጭ ይፈልግ።

አሁን ማማ ሌላ አዲስ ዘፈን እያዘጋጀ ነው። ዋጃም ተጠርተዋል። ትርንጎ ግን ከእንግዲህ ቆቦን አታምንም፤ ሮቢት ሄደው ልምምዱን እዚያ አደረጉት። በረንዳዬ ጭር አለ፤ ቁልፍ የሚረግፍበት ሰው ጠፋ።

ትናንት አንድ የሮቢት ሚኒባስ ሾፌር ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ቆሞ ያፏጫል። ዜማዋ አንጀት ትበላለች፣ እኔ ደግሞ አላውቃትም። ይቺ የማን ዘፈን ናት አልኩት።

"የምን ዘፈን?" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ቀና ብዬ ሸሚዙን አየሁት። አንድም ቁልፍ የለውም።