ከበላይ የመጣው ሐረግ

የአገር በቀል ዕፅዋት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በታሪኩ እጅግ የከበረበት ቀን ቢኖር፣ ዋና ዳይሬክተሩ ሐረግ የበቀለበት የአበባ ሸክላ ታቅፈው የመጡበት ቀን ነው። ሸክላውን በክቡር ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ይህን ላንተ ትቼዋለሁ፤ ምን እንደምታደርገው ታውቃለህ» ብለው ሄዱ።

ኃላፊው በእርግጥ ያውቁ ነበር። ሐረጉ የደረሰበትን ሁሉ አንቆ የሚገድል መጤ ወራሪ አረም ነው፤ «በታየበት ይነቀል» እያሉ ሲያሠለጥኑ ስንቴ ድምፃቸው ተዘግቷል። ነገር ግን የምክትል ዋና ዳይሬክተሩ ወንበር ባዶ ነበር፤ እሱን ካሰቡ ደግሞ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም። ስለዚህ ሐረጉን ብርቅዬዎቹ አገር በቀሎች ካሉበት መደብ መሐል በገዛ እጃቸው ተከሉት።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ያ ወራሪው ነው» አለቻቸው ጸሐፊያቸው።

«ወራሪ ማለት ሳይጠራ የሚመጣ ነው። ይሄ በመንግሥት መኪና ነው የመጣው።»

ሐረጉም አላሳፈራቸውም። መጀመሪያ ሬቱን ዋጠ፤ ቀጥሎ የዱር ጽጌረዳውን። ሪፖርቱም «አገር በቀል ዕፅዋቱ በመልካም ፈቃድ ስለ ለቀቁት ቦታ ምስጋና ቀርቦላቸዋል» አለ። ዝናብ ሲጥል ሐረጉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተመልሶ በሩን ደፈነው፤ ሠራተኛው በመስኮት እየዘለለ መግባት ጀመረ። ይኸም «የሠራተኛውን የአካል ብቃት ያዳበረ ተግባር» ተባለ። ኃላፊው በየጠዋቱ ውኃ ያጠጡታል፤ አንድ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ወንበሩ የቀረበ ይመስላቸዋል።

በመጨረሻ ዋና ዳይሬክተሩ ለጉብኝት መጡ። በሩ ጠፍቷቸው ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ምንድን ነው ይሄ ጫካ?»

«የእርስዎ ስጦታ ነው፣ ጌታዬ።»

«የምን ስጦታ? ግቢዬን ቢያጠፋብኝ፣ ሥራችሁ ነውና ዘሩን አጥፉልኝ ብዬ ነው እንጂ ያመጣሁልህ።»

ኃላፊው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ወንበሩ ከእጃቸው ሲያመልጥ በዓይናቸው አዩት።

«አረም መሆኑን አታውቅም ነበር?» ሲሉ ጠየቁ ዋና ዳይሬክተሩ።

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅክ፣ ለኔ ስትል?»

«ለእርስዎ ስል።»

የዋና ዳይሬክተሩ ዓይን እንባ አቀረረ። «አረም የሚነቅልማ ሞልቷል» አሉና እዚያው ምክትላቸው አድርገው ሾሟቸው።

አዲሱ ምክትል ደስታ እግራቸውን ከመሬት አንሥቶት፣ ሊሄዱ ሲሉ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። «በሉ እንግዲህ፣ ይህን አረም ዛሬውኑ ነቅላችሁ አቃጥሉት» ብለው አዘዙ። መኪናቸው ገና ከግቢው ሳይወጣ፣ ሁሉም የለቀቁትን ወንበር በዓይኑ ይለካ ጀመር።

«እንጀምር?» አለ አትክልተኛው ቆንጨራውን ይዞ።

«አብደሃል?» አለች ጸሐፊዋ። «በገዛ እጃቸው ያሳደጉትን? ሊፈትኑን ነው እንጂ ከልባቸው አይደለም።»

ይህን ብላ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጠችና ከመስኮቷ ሥር ተከለች። እስከ ምሳ ሰዓት ያልተከለ ሠራተኛ አልነበረም። አትክልተኛው ዘግይቶ ስለ ነበር ሁለት ተከለ።