የጋሽ ቅጣው አሥራ አራት ኪሎ

አዛኝ የሌለበት ከተማ የለም። ውሃ የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ መብራት የሌለውም፣ ከንቲባውን ዓመት ሙሉ ያላየ ከተማም አይቻለሁ። አዛኝ የሌለው ግን ገና አልተቆረቆረም።

አዛኝ ስል ሰው ሲቸገር የሚደርሰውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ብርቅ ነው። እኔ የምለው ሳይጠየቅ የሚረዳውን፣ ተው ሲሉት የሚብስበትን፣ ሰው እንቅፋት ሲመታው ከተመቺው በላይ «እኔን!» ብሎ የሚጮኸውን ነው። በአንተ ፈንታ እኔን ይምታኝ ማለቱ ነው እንግዲህ። እስከ ዛሬ በእኔ ፈንታ የተመታ አንድም ሰው አላየሁም።

የእኛ ከተማ የመሐል ሜዳ አዛኝ ጋሽ ቅጣው ናቸው። ለዚህ ሥራ ማዕረግ ቢኖር ሊቀ አዛኝ ይባሉ ነበር፤ የሰጣቸው ስለሌለ እኔ ሰጥቻቸዋለሁ። ቅጣው ብለው ስም ያወጡላቸው ሰዎች ማን እንዲቀጣ ፈልገው እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን ድርሻዬን በየቀኑ እየወሰድኩ ነው።

ሽመክት እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እግሮቼን በልጅነቴ ፖሊዮ ስለወሰዳቸው የምሄደው በዊልቸር ነው። ክንዶቼን ግን የወሰደ የለም። አግዳሚ ላይ ተንጋልዬ ብረት ወደ ደረቴ አውርጄ መልሼ ወደ ላይ እገፋለሁ፤ የፓራ ክብደት ማንሳት ስፖርተኛ ነኝ።

እኔና አሰልጣኜ የምንሠራው ድሮ የገብስ መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። አግዳሚውን አናጢ ሠርቶልናል፤ እግሬ የሚታሰርበት ጠፍር አለው። ክብደቶቻችን በቀለም ጣሳ ተሞልቶ የደረቀ ሲሚንቶ ናቸው፤ ከመጋዘኑ በተረፈው የእህል ሚዛን አንድ በአንድ መዝነናቸዋል። ጋሽ ቅጣው የመጋዘኑ ጥበቃ ነበሩ። ገብሱ ሄደ፣ እሳቸው ቀሩ። ቁልፉ በእጃቸው ነውና ያለ እሳቸው ፈቃድ ስፖርት የለም።

ጠዋት በሩ ላይ ሲያገኙኝ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው «ኧረ በሞቴ! በሞቴ አትነሳ!» ይላሉ። ታናሽ ለታላቅ ብድግ ሲል የሚባል ነገር ነው፤ ከአፋቸው ሳያስቡት ይወጣል። ከዚያ እግሬን ያያሉ። ከዚያ ፊታቸው ዳምኖ «አፌን ይቁረጠው! እኔን! እኔን!» ይጀምራሉ። «ምንም አይደል ጋሼ፣ ይግቡ ብርድ ነው» እያልኩ ካላባበልኳቸው በሩ አይከፈትም። ስለ እኔ እግር በየጠዋቱ የሚያጽናና ሰው ቢኖር እኔው ራሴ ነኝ።

አምና አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ልስተካከል ወጣሁ። ጋሽ ቅጣው ከኋላዬ መጥተው ሳይጠይቁ ዊልቸሬን መግፋት ጀመሩ። የእኔ ዊልቸር ፍሬን አለው፤ ጋሽ ቅጣው የላቸውም። «ጋሼ፣ ፀጉር ቤት ነው የምሄደው» ብል «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ ማርያም ደጅ አደረሱኝና ከየኔ ቢጤዎቹ ተርታ አቁመውኝ ሊሳለሙ ገቡ። ተመልሰው እስኪመጡ አንዲት እናት ግማሽ ዳቦ ጭኔ ላይ አስቀምጠው አለፉ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት «ተራው የእኔ ነበር» ብለው አኮረፉ። ዳቦውን ሰጥቻቸው ታረቅን። ፀጉሬ ግን እንዳደገ ከረመ።

በነገራችን ላይ ሊቀ አዛኝ የግራ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። ደረጃ የሚወጡት ግድግዳ ተደግፈው ነው። አንድ ቀን ክንዴን ብዘረጋላቸው «እኔ ምን ሆንኩና!» ብለው ጮኹብኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቁልፉን በሰው እጅ ላኩልኝ። ሐዘኔታ እሳቸው ለሰው የሚያድሉት እንጂ ከሰው የሚቀበሉት ነገር አይደለም።

ልምምድ ላይ የሠሩኝን ደግሞ ስሙ። ላብ ሲያዩብኝ «ብርድ ይመታሃል» ብለው በርኖሳቸውን ይጭኑብኛል። የመንዝ በርኖስ ምን ያህል እንደሚከብድ የለበሰ ያውቀዋል፤ እኔ እንደ ተጨማሪ ልምምድ ነው የምቆጥረው። አንድ ጠዋት ደግሞ በሃይላንድ የያዙትን ጠበል ለበረከት ብለው ብረቱ ላይ ረጩ። እጄን አዳለጠውና ብረቱ ጉሮሮዬ ላይ ሊያርፍ ሲል ለጥቂት ተረፍኩ።

«አየህ፣ ጠበሉ አተረፈህ» አሉ።

ይህን ሁሉ ይቅር ብያቸው ነበር። ይቅር የማልለው አሁን የሚመጣውን ነው።

አሰልጣኜ የምሥራች ትባላለች፤ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ናት። ዘንድሮ መስከረም ላይ ለሥልጠና ሄዳ ሁለት ወር ቆየች። ብረት የሚገፋ ሰው ደግሞ ብቻውን አይሠራም፤ ብረቱ ደረቱ ላይ ከቀረ የሚያነሳለት ራስጌው የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ጋሽ ቅጣው ደረታቸውን መትተው «እኔ እያለሁ!» አሉ።

እንደዚያ ሁለት ወር በርትቼ አላውቅም። መቶ ኪሎ ገፋሁ። መቶ አምስት ገፋሁ። በጥቅምት መጨረሻ መቶ አሥር! ለክልሉ ቡድን ለመመረጥ በእኔ ምድብ የሚጠየቀው ልክ መቶ አሥር ኪሎ ነው፤ ምርጫው ግንቦት ላይ ደብረ ብርሃን ይደረጋል። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ ካለፈኝ ሌላ ዓመት የሚጠብቀኝ ቡድን የለም። ስለዚህ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ክፍል ስገባ ስለ ተራሮች ከፍታ የማስተምረው እንኳ ራሴ የሠራኋቸው ይመስል ነበር።

የምሥራች ተመለሰች። መቶ አሥሩን ጫነች፣ ራስጌዬ ቆመች፣ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። ብረቱ ወደ ደረቴ ወረደ። እዚያው ቀረ። ብገፋው፣ ባቃስት፣ ቅዱሳንን በየስማቸው ብጠራ ንቅንቅ አላለም። ከጋሽ ቅጣው ጋር ተጋግዘው አነሱልኝ።

«ማን ነበር የሚቆምልህ?» አለች።

«ጋሽ ቅጣው።»

«ጋሼ፣ እስቲ እንዴት እንደሚቆሙለት ያሳዩኝ።»

አሳዩዋት። ከየእጃቸው ሁለት ሁለት ጣት ከብረቱ ሥር አስገብተው፣ «እኔን፣ እኔን» እያሉ አብረውኝ ወደ ላይ አወጡት።

«እርስዎ ነዎት እኮ የሚያነሱለት!»

«ነካ አደረግሁት እንጂ መች አነሳሁት?»

የምሥራች ሲሚንቶውን እየቀነሰች አስሞከረችኝ። ብቻዬን ገፍቼ ያወጣሁት ዘጠና ስድስት ላይ ነው። ቀሪው አሥራ አራት ኪሎ የጋሽ ቅጣው ሐዘኔታ ነበር። በእህል ሚዛን ሐዘኔታው የታወቀ ሰው ከእሳቸው በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የዚያን ዕለት የተናገርኳቸውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልችልም። የሚጻፈውን ብቻ ልጻፍ፦ «ውድድር ላይ እኮ በጣትዎ ጫፍ ቢነኩት ይሰረዝብኛል! ሁለት ወር ሙሉ አታለሉኝ!»

«ታዲያ ሲያቅትህ እያየሁ ዝም ልበል?»

«አዎ! ዝም ይበሉ!»

ወደ ሚዛኑ ዞረው፣ ለእኔም ለየምሥራችም ሳይሆን ለሚዛኑ የሚነግሩት በሚመስል ድምፅ «ይሄማ ይከብዳል» አሉ።

ላባርራቸው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን የቁልፉን ባለቤት ከቤቱ ማባረር አይቻልም። የምሥራች ደግሞ ጭራሽ ራስጌዬ እንዲቆሙ ፈረደችብኝ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እሷ «ያንሱ» ሳትል ላይነኩ። ስድስት ወር ሙሉ በዚያ መጋዘን ውስጥ ሁለት ሰው ሠለጠነ። እኔ አሥራ አራት ኪሎ ለመጨመር፣ እሳቸው አሥራ አራት ኪሎ ለመቀነስ። ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንዳላበው እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ሳቃስት እሳቸው ያቃስታሉ፤ እኔ ሲያቅተኝ ዞር ብለው ግድግዳውን ያያሉ። ሁለቴ አመለጣቸውና ነኩት፤ ሁለቴም ሰደብኳቸው።

ግንቦት ደረሰ። የምርጫው ደንብ አሰልጣኝ ከመድረኩ ውጭ እንዲቆምና ስፖርተኛው ራስጌው የሚቆምለትን ሰው ይዞ እንዲመጣ ያዛል። ሌሎቹ ጡንቻቸው ከሸሚዝ የሚያመልጥ ጎረምሶች ይዘው መጡ። እኔ ጋሽ ቅጣውን ይዤ ወጣሁ። አዳራሹ ሳቀ። ዋናው ዳኛ ቀርቦ «አባት፣ በርኖሱን ያውልቁ፤ እጅዎ ይታይ» አላቸው። አወለቁ።

ሦስት ሙከራ ነው ያለን። የመጀመሪያውን መቶ አራት አድርጌ አለፍኩ። ሁለተኛው መቶ አሥር ነበር። ከደረቴ ተነሳ፣ እኩሌታው ላይ ደረሰና ቆመ። ከላዬ የጋሽ ቅጣው ፊት ተዘቅዝቆ ይታየኛል። እውነቱን ልናገር፤ ስድስት ወር ሙሉ አይንኩብኝ ብዬ ስሰድባቸው የከረምኩት እኔው፣ በዓይኔ ይንኩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ልመናዬን አይተውታል። እጃቸው ወደ ብረቱ ተነሳ፤ መልሰው ወደ ኋላ ወሰዱት። ብረቱ ደረቴ ላይ ወረደ። ዳኛው ምልክት ሲሰጥ ከብረቱ ግራና ቀኝ ከቆሙት ረዳቶች ጋር አነሱልኝ። «እኔን» እንኳ አላሉም።

ሦስተኛው የመጨረሻዬ ነው። እንደገና መቶ አሥር። አሁንም እኩሌታው ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሚለመን ሰው እንደሌለ ገብቶኛል። ብረቱ ቀስ እያለ ወጣ። ክንዴ ተዘረጋ። ዓይኔን ስገልጥ ሦስቱም ዳኞች የማለፊያውን ነጭ መብራት አብርተዋል፤ የምሥራች ከመድረኩ ሥር ትዘላለች።

ዊልቸሬ ላይ ወጥቼ ልጨብጣቸው ብዞር ሊቀ አዛኝ ቆመው የሉም። ለካ ብረቱ እስኪወጣ ድረስ ተገትረው የቆሙበት የግራ ጉልበት ከድቷቸው መድረኩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ለመነሳት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«እኔን!» አልኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠላሁት ቃል በገዛ አፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሳላስበው ነው የወጣው፤ ደግሞም የምሬን ነበር።

«እኔ ምን ሆንኩና! ተወኝ፣ ራሴ እነሳለሁ!» ብለው ተቆጡ።

ዊልቸሬን አስጠጋሁ፣ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ጎንበስ ብዬ ሁለት ክንዴን ከብብታቸው ሥር አስገባሁ። «ተው ብያለሁ! ሰው ያየናል!» ይላሉ። አዳራሹ በሙሉ እያየን፣ እሳቸው ተው እያሉኝ፣ አነሳኋቸው።